ጫማው የማን ነበር?

በከተማችን በጀማሪ ደራስያን ክበባት ውስጥ አንድ የተለመደ መልመጃ አለ። ክበቡን የሚመራው ሰው አንድ ፎቶግራፍ ያመጣል፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከዚያም «ይህን አይታችሁ ታሪክ ጻፉ» ይባላል። መልመጃው በራሱ መጥፎ አይደለም። ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ «ምን ልጻፍ» እያሉ ከመጨነቅ የሚጨበጥ ነገር ይዞ መነሣት ይሻላል። ችግሩ የሚመጣው ጽሑፎቹ ሲነበቡ ነው። እኔ በተገኘሁባቸው እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ፎቶው የአሮጊት ከሆነ አብዛኞቹ ጽሑፎች «ግንባራቸው ላይ የተጋደሙት መስመሮች የዘመናትን መከራ ይናገራሉ» ብለው ይጀምራሉ። የልጃገረድ ከሆነ ደግሞ «በዓይኖቿ ውስጥ ጥልቅ ሐዘን ይነበባል» ይባላል። ልጅቷ እኮ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ይሆናል! ፎቶ አንሺው «እንዳትንቀሳቀሺ» ብሎ ስላቆያት እግሯ ደንዝዞ ይሆናል። ጸሐፊው ግን ሐዘን ፈልጎ መጥቷልና ሐዘን አግኝቶ ይሄዳል።

ለመሆኑ ፎቶግራፍ ለደራሲ ምኑ ነው? ብዙዎቻችን ፎቶ የሚናገር ነገር ይመስለናል፤ የደራሲው ሥራ ደግሞ ፎቶው የተናገረውን አዳምጦ መጻፍ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፎቶግራፍ ያሳያል እንጂ አይናገርም። ያሳየውንም ተመልካቹ በገዛ ዓይኑ ያየዋልና ጸሐፊው በቃላት ቢደግመው ድካሙ ከንቱ ነው። ለጸሐፊ የሚተርፈው ፎቶው ያላሳየው ነገር ነው። ይህን ነጥብ ለማስረዳት ሁለት መጻሕፍትን እመረምራለሁ። አንደኛው ፎቶግራፎችን ደርድሮ የሌለ ታሪክ የፈጠረላቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፎቶ» ብሎ በሰየማቸው ክፍሎቹ አንድም ምስል ሳያትም በቃል ብቻ የሚያሳየን ልብ ወለድ ነው። አስቀድሜ ግን ከቤታችን ልነሣ።

የከተማ ልጅ የሆነ አንባቢ የሳሎኑን አልበም ያስታውሳል። ፎቶው ሁሉ ስልክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ አልበም ማቅረብ ወግ ነበር። እንግዳው ቅጠሉን ይገልጣል፤ የቤቱ እመቤት ቡናውን እየቆላች ከወዲያ ሆና «እሱ እንኳ የእገሌ ሠርግ ላይ የተነሣነው ነው» ትላለች። ልብ በሉ፤ ሥዕሉና ወሬው አብረው ነበር የሚቀርቡት። አልበም ያለ ተራኪ አይከፈትም ነበር።

በእኛ ቤት አልበም ውስጥ አክስቴ በልጅነቷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ፎቶ ቤት ሄዳ የተነሣችው አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ከኋላቸው ሐይቅና ዘንባባ የተሣለበት መጋረጃ ተንጠልጥሏል። መካከል ላይ የቆመችው አክስቴ ናት፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ተጫምታ አንድ እግሯን ወደ ፊት አውጥታለች። ሁለቱ ጓደኞቿ አንዷ ከወንበር፣ አንዷ ከአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ቆመዋል። ይህ ፎቶ በአንዱ ክበብ ውስጥ ቢዞር ስለ ወጣትነት፣ ስለ ዘመኑ ውበት፣ ስለ ፀጉራቸው አሠራር ብዙ ይጻፍ ነበር። አክስቴ ግን ስለዚያ ፎቶ በተጠየቀች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጫማው የእኔ አይደለም።»

ጫማው የአንደኛዋ ጓደኛ እናት ነበር። እናትየው ለቅዳሴ እንደሄዱ ልጅቷ ከአልጋ ሥር አውጥታ በነጠላዋ ሸፍና ይዛው መጣች። ያዋጡት ገንዘብ ለአንድ ፎቶ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ጫማውም አንድ ነው። ስለዚህ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕጣው ለአክስቴ ወጣ። ሁለቱ ያለቀ ጫማቸው እንዳይታይ ከወንበሩና ከአበባው ጀርባ ተሸሸጉ። ከዚያ ቅዳሴው ሳያበቃ ጫማውን ለመመለስ ሦስቱም ዳገቱን በሩጫ ወጡት። በፎቶው በስተግራ ያለችው ልጅ ለምን እንደተኮሳተረች የሚገባን ይኼኔ ነው። የገዛ እናቷን ጫማ አምጥታ ለሌላ ሰው ያጫማችው እርሷ ናት። አንድ ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ፊት አይቶ «ጥልቅ ሐዘን» ብሎት ነበር።

እንግዲህ ፎቶው ውስጥ ጫማው አለ፤ ዕጣው ግን የለም፤ ሩጫውም የለም። ካሜራ የሚይዘው ከሰከንድ ያነሰች ቅጽበት ነው። ታሪክ ደግሞ ከዚያች ቅጽበት በፊትና በኋላ፣ ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ይኖራል።

የአክስቴን መንገድ በመጽሐፍ ደረጃ ሄዶ ያሳየ ደራሲ ቢኖር ጥቁር አሜሪካዊው ባለቅኔ ላንግስተን ሂዩዝ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሮይ ዲካራቫ እ.ኤ.አ. በ1919 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ የጥቁሮች መኖሪያ በሆነው ሃርለም ሰፈር ተወለደ። ሥዕል ተምሮ ኋላ ፊቱን ወደ ካሜራ አዞረ። በ1952 የጉገንሃይም ድጎማ ሲሰጠው ዕድሉን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ገንዘቡም የሰፈሩን ሰዎች የዕለት ኑሮ እየዞረ እንዲያነሣ ፋታ ሰጠው። የዲካራቫ ፎቶግራፎች ጨለም ያሉ ናቸው። ጥቁሩና ግራጫው ይበዛል፤ ዓይን እስኪለምደው መታገሥ ያስፈልጋል። በ1949 ባነሣው አንድ ዝነኛ ፎቶ ላይ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድ ብቻዋን በተጎሳቆለ መንገድ ላይ ወደ ጥላው ስታመራ ትታያለች፤ አጠገቧ ትልቅ የአውቶሞቢል ማስታወቂያ አለ። የፎቶው ርዕስ «ምረቃ» ነው። ከየት መጣች? ማን ይጠብቃታል? ቀሚሱ በማን ገንዘብ ተገዛ? ፎቶው አይመልስም።

ዲካራቫ ፎቶዎቹን የሚያሳትምለት አጥቶ ለሂዩዝ ወስዶ አሳየው። ሂዩዝ እጅግ ወደዳቸውና አሳታሚ ፈለገለት፤ አሳታሚው ግን ሂዩዝ ራሱ ጽሑፍ እንዲጨምርበት ጠየቀ። ወደ 140 የሚጠጉ ፎቶግራፎች ያሉት ትንሽ መጽሐፍ በ1955 ወጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጣፋጩ የሕይወት ዝንብ ማጥመጃ» እንደማለት ነው። ዝንብ በማር ወረቀት ላይ እንደምትጣበቅ፣ ሰውም በኑሮ ጣዕም ተይዞ መላቀቅ ያቅተዋል ለማለት ነው።

ሂዩዝ ከየፎቶው ሥር «እናት ከልጇ ጋር»፣ «ወጣቶች ሲጨፍሩ» የሚል መግለጫ አልጻፈም። ሜሪ ብራድሊ የተባሉ አያት ፈጠረ፤ እኛ ሰፈር ቢሆኑ «እማማ ሜሪ» የምንላቸው ዓይነት። መጽሐፉ ሲከፈት እግዚአብሔር በብስክሌተኛ እጅ ቴሌግራም ልኮ ወደ ሰማይ ይጠራቸዋል። እማማ ሜሪ ግን አሻፈረኝ ይላሉ። የሚጠብቋቸው የልጅ ልጆች አሏቸው። ደግሞም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤቶች ጥቁሩንና ነጩን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈርዷልና፣ ይህ መቀላቀል የሚሉት ነገር ምን እንደሚመስል ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሁሉ የእሳቸው ጨዋታ ነው። ይህኛው የልጄ ልጅ ነው፣ ያቺ እንዲህ ናት እያሉ ከፎቶ ወደ ፎቶ ያሻግሩናል። ሌላው ሰው ሁሉ ተስፋ የቆረጠበትን ሮድኒን እሳቸው ከሁሉ አብልጠው ይወዱታል። ፎቶው የሚያሳየን አንድ ወጣት ብቻ ነው። አያቱ ለምን እንደሚሳሱለት፣ ቤተሰቡ ለምን እንደታከተው በፎቶው ላይ አይታይም፤ ይህንን የምናገኘው ከድምፃቸው ነው። እሳቸውን ራሳቸውን በዓይናችን የምናያቸው መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የምናውቃቸው ሰው ሆነዋል።

ሂዩዝ ያደረገው ያው የእኛ የቡና ሰዓት ወግ ነው፤ አልበሙን ከተራኪዋ ጋር አቀረበ። በዚህም ፎቶዎቹን ከሁለት አደጋ አዳናቸው። አንደኛው ሐተታ ነው፤ «የሃርለም ድህነት» ተብሎ ቢጻፍባቸው የማኅበራዊ ኑሮ ሪፖርት ይሆኑ ነበር። ሌላው ቁዘማ ነው። አያት ስለ ልጅ ልጃቸው ሲያወሩ ያማርራሉ፣ ይሳለቃሉ፣ ይኮራሉ እንጂ አይቆዝሙም።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ዲካራቫ ያነሣቸው ሰዎች በሕይወት ያሉ፣ የየራሳቸው ስምና ቤተሰብ ያላቸው ነበሩ። የእማማ ሜሪ ዘመዶችም አልነበሩም። ሂዩዝ ያልሆኑትን ዘመድ፣ ያልነበራቸውን ስም ሰጣቸው። ልብ ወለድ ነው ብለን እንለፈው? እኔ ሂዩዝን የማልከስሰው በፍቅር ስለጻፈ ብቻ አይደለም፤ ፈጠራውን እንደ ፈጠራ ስላቀረበ ነው። ከሰማይ ቴሌግራም የሚመጣበትን መጽሐፍ ማንም እንደ ዜና አያነበውም። ክፉው ነገር ፈጠራው እውነት ነኝ ብሎ ሲመጣ ነው።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ በካሊፎርኒያ በአንድ የአተር ለቃሚዎች ሠፈር፣ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ የተደገፉባትን አንዲት እናት አነሣች። «ስደተኛዋ እናት» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ፎቶ የአሜሪካ የችግር ዘመን ምልክት ሆነ። ላንግ ግን የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው በ1978፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ላንግ በ1960 ስለዚያ ቀን ስትጽፍ ቤተሰቡ ለምግብ መግዣ የመኪናውን ጎማ እንደሸጠ አተተች፤ ቤተሰቡ ግን ጎማ አልሸጥንም ብሏል። ጎማው ለትረካ የሚመች ነበር። የሚያሳዝነው የባለቤቶቹ ታሪክ አለመሆኑ ነው።

እኛም በዚህ መንገድ ታይተናል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ዓለም ያያቸው ፊቶች አብዛኞቹ ስም አልነበራቸውም። ከእነዚያ አንዷ፣ ትሞታለች ተብላ በካናዳ ቴሌቪዥን የተቀረጸችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ ናት። ምስሏ እ.ኤ.አ. በ1985 በ«ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት ታይቶ ሚሊዮኖችን አስለቀሰ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ያቺው ሕፃን ወጣት ሆና በለንደን መድረክ ላይ ቆመች። ምስሉ «ሞት» ብሎ ዘግቶት የነበረው ታሪክ ከምስሉ ውጪ ሲቀጥል ኖሯል። ፎቶ አይቶ ወዲያው ፍጻሜውን የሚጽፍ ጸሐፊ ይህን ቢያስታውስ ይጠቀማል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የሚነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ማን ነው? አዲስ አበባ ተወልዳ ኑሮዋን በአሜሪካ ያደረገችው መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ሁለተኛ ልብ ወለዷ «የጥላው ንጉሥ» እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ከቀረቡት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ወታደሮቹ ከጠመንጃው ጋር ካሜራም ይዘው ነበር የመጡት። ያነሡትን ለቤተሰብ ይልኩታል፤ የሴቶቻችን ምስል በፖስት ካርድ ታትሞ ይሸጥ ነበር። መዓዛ እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎችን ለዓመታት ስታሰባስብ ኖራለች፤ ልብ ወለዱም ከዚያ ክምችት የበቀለ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974፣ በአብዮቱ ዋዜማ፣ ሒሩት የተባለች ሴት ፎቶግራፍ የሞላበት ሣጥን ይዛ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ስትቀመጥ ነው። ሣጥኑ በጦርነቱ ጊዜ እርሷን በምርኮ ሳለች ያነሣት የጣሊያናዊው ወታደር የኤቶሬ ነው። ኤቶሬ በአዛዡ በኮሎኔል ፉቸሊ ትእዛዝ እስረኞችን፣ ከገደል የሚወረወሩትንም ጭምር ፎቶ ሲያነሣ የነበረ፣ ራሱም በአይሁዳዊነቱ ለገዛ መንግሥቱ ጠላት የሆነበት ሰው ነው። በትረካው መካከል «ፎቶ» የሚል ርዕስ ያላቸው አጫጭር ክፍሎች ይገባሉ። ምስል የለባቸውም፤ ደራሲዋ ምስሉን በቃላት ታቆመዋለች፤ ከዚያም ካሜራው ያላየውን ትነግረናለች። በዚህም ወራሪው ሊያሳይ የፈለገውን ሥዕል ከእጁ ትነጥቀዋለች። ያን ፖስት ካርድ ደግማ ብታትመው ኖሮ እኛም ባለማወቅ የወታደሩን ዓይን ተውሰን ባየን ነበር።

ስለ መጽሐፉ ጉድለትም ልናገር። መዓዛ ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ መጻፍ ታበዛለች። አንዳንድ «ፎቶ» ላይ የእስረኛው አንገት አቀማመጥ፣ የጣቱ አጨባበጥ ሁሉ የጀግንነት ትርጉም ይጫንበታል። እዚህ ላይ የክበቡን ልጅ አስታወሰችኝ፤ እርሱ በየዓይኑ ሐዘን እንደሚያነብብ፣ እርሷም በየዓይኑ እምቢተኝነት ታነብባለች። የደከመው፣ የፈራው፣ ምንም የማያስበው እስረኛ ቦታ ያጣል።

ነገር ግን መጽሐፉን ትልቅ የሚያደርገው ሌላ ነው። ሒሩት ከመማረኳ በፊት በአርበኛው በኪዳኔ ቤት የምትሠራ ገረድ ነበረች። የአባቷን ጠመንጃ የቀማት ጌታዋ ነው፤ በሰውነቷ ላይ የግፍ ግፍ የፈጸመባትም እርሱ ነው። ይህን ኤቶሬ አላነሣውም፤ ሊያነሣውም አይችልም። በክብር የምንሰቅላቸው የአርበኞች ፎቶግራፎችም አያሳዩትም። ጋሻና ጎፈር የያዘው ጀግና በፎቶው ውስጥ አለ፤ ከጀርባው ስንቅ ተሸክማ የቆመችው ገረድ ከጠርዙ ውጪ ናት። መዓዛ የጠላትን ካሜራ ስትከስስ የወገንን ዝምታ አላለፈችውም። ፎቶው ያላሳየውን መጻፍ ስል ይህን ማለቴ ነው፤ አንዳንዴ ያልታየው ነገር እኛም እንዲታይ የማንፈልገው ይሆናል።

ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የእኛ ጸሐፊ ምን ይቀስማል? ፎቶ ሲሰጠው አስቀድሞ ፊቱን ማየት ይተው። ካሜራውን ማን ያዘው? ክፍያውን ማን ከፈለ? ልብሱ የራስ ነው ወይስ የውሰት? በየፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጉርድ ፎቶ የሚዋስ ኮትና ከረባት ይንጠለጠል እንደነበር አንርሳ። ስንት የሥራ ማመልከቻ በዚያ አንድ ኮት ታጅቦ ሄዷል! ከፎቶው ማን ቀረ? ከአንድ ሰዓት በኋላስ ምን ሆነ? ከሁሉ በፊት ደግሞ የሰዎቹ ስም ማን ነው? መልሱን የሚሰጥ ሰው ካለ ይጠየቅ። ከሌለና መፍጠር የግድ ከሆነ ፈጠራነቱ ይታወቅ።

ይህን ሥራ የሚያግዙ ጅምሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ከከተማዋ ነዋሪዎች የቤት አልበም የተሰበሰቡ ፎቶግራፎችን ይዞ ወጥቷል። አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችውና በ2010 የተጀመረው አዲስ ፎቶ ፌስትም ለፎቶግራፍ ጥበብ መድረክ ሰጥቷል። ደራሲውና ፎቶግራፍ አንሺው ግን አሁንም የሚገናኙት በአብዛኛው በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ነው። ዲካራቫ ፎቶዎቹን ይዞ የሂዩዝን በር እንዳንኳኳ የሚያንኳኳ፣ የሚከፍትለትም ደራሲ እንፈልጋለን።

ደግሞም ጊዜ የለንም። ከብዙዎቹ የቤታችን ፎቶዎች ጀርባ በሰማያዊ ቀለም «ለማስታወሻ» የሚል ቃልና አንድ ቀን ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ የለም። ማን ለማን እንደሰጠው፣ ለምን እንደሰጠው፣ ተቀባዩ የት እንደደረሰ የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። ሲያርፉ ፎቶአቸው ትልቅ ሆኖ ታጥቦ በለቅሶው ላይ ይያዛል፤ ሙሾ አውራጇም እርሱን እያሳየች ታስለቅሳለች። በዚያ ሰዓት ግን የሚጠየቅ የለም። ስለዚህ ትረካ ለመጻፍ ፎቶ የሚፈልግ ጸሐፊ ሩቅ አይሂድ። በዚህ ሰንበት አልበሙን ይዞ አያቱ ወይም አክስቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ እርሳስና ደብተር አይርሳ፤ ስለ ፊት ሳይሆን ስለ ጫማ ይጠይቅ።